እናቴና ትልቁ አዳራሽ

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ ወሩ ጥር፣ ዘመኑ 2017 ዓ.ም.። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ደረስኩ። የሄድኩት እናቴን ለመውሰድ ነበር። እርሷ ግን ሱቋን ለመዝጋት ያሰበች አትመስልም። ነጠላዋን አፍንጫዋ ድረስ ጠምጥማ ለአንዲት የሙሽራ እናት ዛላ በርበሬ እየመረጠች ታሳያለች። ጥር የሠርግ ወር ነውና በርበሬ በረንዳ ሥራ በዝቶበታል።

«እማዬ፣ እንሂድ እንጂ፤ በኋላ ታክሲ አናገኝም» አልኳት።

«የት ነው የምንሄደው?» አለች፣ እንዳላወቀች ሆና።

«ነግሬሽ የለም እንዴ? ማሕሙድ ዘንድ።»

ደንበኛዋ ቀና ብላ አየችኝ። እናቴ ሳቅ አለች። ከዚያም በርበሬውን መዝና፣ ገንዘቡን ተቀብላ፣ መልሱንም ሰጥታ ከጨረሰች በኋላ፣ «እኔ እዚያ ቤት ለዘፈን ልገባ ነው?» አለች።

«እዚያ ቤት» ያለችው ቦሌ የሚገኘውን የሚሌኒየም አዳራሽ ነው። እናቴ ይህን አዳራሽ ታውቀዋለች። አሥራ ስድስት ቀን ተኝታበታለች። ዘፈን ግን ሰምታበት አታውቅም ነበር። ውድ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ በዚህ ዓምድ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ነገር ነው። ታሪኩ የእናቴ ይሁን እንጂ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ፣ የብዙዎቻችሁም ሊሆን ይችላል ብዬ ስለ ጠረጠርኩ፣ ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ።

እንደሚታወቀው የሚሌኒየም አዳራሽ የተሠራው ሀገራችን 2000 ዓ.ም.ን፣ ማለትም አዲሱን ሺህ ዓመት፣ ለመቀበል በተዘጋጀችበት ወቅት ነበር። ወጪውን የሸፈኑት ሼክ መሐመድ ሁሴን አልአሙዲ ናቸው። አዳራሹ በቦሌ መንገድ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አቅራቢያ የቆመ፣ በብረት የተዋቀረ ሰፊ ቤት ነው። በጥቅምት 2000 ዓ.ም. አሜሪካዊቷ ድምፃዊት ቢዮንሴ ዘፍናበታለች። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ መሪዎች ለብዙ ሺህ ሕዝብ ጎን ለጎን የታዩት በዚሁ አዳራሽ ነው። ባዛሩ፣ ኤግዚቢሽኑ፣ ጉባኤውና የምረቃ በዓሉም ተቆጥሮ አያልቅም።

እኔም በጋዜጠኝነት ሥራዬ በአዳራሹ በር የገባሁበትን ጊዜ በውል አላስታውሰውም፤ በጣም ብዙ ነውና። የመግቢያ ካርዴን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ፣ ለጋዜጠኞች በተያዘው ቦታ እቀመጣለሁ። ማታ ወደ እናቴ ቤት ጎራ ስል፣ «ዛሬ ደግሞ የት ዋልሽ?» ትለኛለች።

«ሚሌኒየም አዳራሽ።»

«ደግ። ምሳስ አበሏችሁ?»

ጨዋታችን እዚህ ላይ ያበቃል። ምን እንደ ተደረገ፣ ማን እንደ ዘፈነ፣ ምን ያህል ሕዝብ እንደ ነበረ ለአንባቢ እጽፋለሁ። ያሳደገችኝን ሴት ግን «አንቺስ አንድ ቀን መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ?» ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ለምን? ብባል የምመልሰው የለኝም። እናት ሥራ ላይ ናት ብዬ ነው እንዳልል፣ እኔም ሥራ ላይ ነኝ። አትፈልግም ብዬ ነው እንዳልል፣ አልጠየቅኋትም። እንዲያው በሐሳቤ እናቴና ትልቅ አዳራሽ አብረው መጥተው አያውቁም ነበር።

ከዚያ 2012 ዓ.ም. መጣ። በመጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በሀገራችን መገኘቱ ተነገረ። የግንቦት ወር ሊያልቅ ሲል የሚሌኒየም አዳራሽ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ አልጋዎች ገብተውለት የኮሮና ሕክምና ማዕከል ሆነ። ይህን ያደረግነው እኛ ብቻ አልነበርንም። በዚያው ሰሞን በኒውዮርክ የጃቪትስ ማዕከል፣ በለንደን ኤክሴል፣ በማድሪድ ኢፌማ የተባሉት የኤግዚቢሽን አዳራሾች በአልጋ ተሞልተዋል። ከዚያም በፊት፣ በነሐሴ 1997 ዓ.ም. ካትሪና የተባለው ማዕበል የአሜሪካዋን ኒው ኦርሊንስ ከተማ ሲመታት፣ ሱፐርዶም የሚባለው ጣሪያ ያለው ትልቅ ስታዲየም ቤታቸውን ጥለው ለሸሹ ሰዎች መጠለያ ሆኗል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለዘፈንና ለስፖርት የሚሆን ቤት መሐሉ ምሰሶ የሌለበት፣ በሩ ሰፊ፣ መብራቱና ውሃው ለብዙ ሰው የተዘጋጀ፣ ውጭውም መኪና የሚያስቆም ነው። ይህ ሁሉ ለሕሙማንም ያስፈልጋል። ሰው በደስታው ቀን የሚሰበሰብበት ቤት በክፉ ቀንም ይጠቅማል።

ይህን ሁሉ በጊዜው ጽፌዋለሁ። በነሐሴ ወር ግን ነገሩ ወደ ቤቴ መጣ።

እናቴ ታስላለች። በርበሬ ነጋዴ ሲያስል ማን ልብ ይላል? በርበሬ በረንዳ የሚውል ሰው ሁሉ ያስላል፤ ያነጥሳል፤ ዓይኑም ያለቅሳል። እኔም ከሕፃንነቴ ጀምሮ የእናቴን መምጣት የማውቀው ከደጅ በምትስለው ሳል ነበር። ስለዚህ «ሚጥሚጣው ነው» ስትለኝ አመንኋት። በሦስተኛው ቀን ግን ደረጃውን መውጣት አቃታት። ምርመራ አደረግን። ውጤቱ በተነገረን ዕለት አምቡላንስ ሰፈራችን ድረስ መጣ።

ያን ቀን አልረሳውም። ጎረቤቱ ሁሉ በየበሩ ቆሟል፤ የሚጠጋ ግን የለም። ዕድር ቢኖር፣ ጽዋ ቢኖር፣ ለዓመታት ቡና አብረው የጠጡ ሰዎች ቢኖሩ በዚያን ጊዜ መጠጋት አይቻልም ነበር። እናቴ ጋቢዋን፣ ትንሿን ስልኳንና የስልኳን ቻርጀር በፌስታል ይዛ ብቻዋን ሄደች። ነጭ ልብስ የለበሰው ባለሙያ እጇን ይዞ ሲያሳፍራት ዞር ብላ፣ «አትከተይኝ። ልጅሽን ያዢ» አለችኝ። ወዴት እንደሚወስዷት ስጠይቅ «ሚሌኒየም አዳራሽ» አሉኝ። በር በሩን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ።

መጎብኘት አይፈቀድም። በስልክ ብቻ እንገናኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ድምፅዋ ደክሟል። በሦስተኛው ቀን ግን ቤቱን ትገልጽልኝ ጀመር።

«ጣሪያው ሰማይ ነው የሚያህለው። ርግብ ገብታበት መውጫ አጥታ ስትዞር ትውላለች። መብራቱ ሌሊትም አይጠፋም። አልጋው በሰሌዳ ተከፋፍሏል፤ እኔ ግድግዳው ሥር ነኝ። ልጆቹ ደጎች ናቸው፤ ፊታቸው ግን አይታይም፤ በዓይናቸው ነው የምለያቸው።»

ከእናቴ አልጋ ቀጥሎ አንዲት ሴት ነበረች። ኮልፌ የምትኖር፣ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት የምታስረክብ፣ በዕድሜ ከእናቴ የምታንስ ሴት ናት። በሰሌዳው ግርዶሽ በኩል ሌሊቱን ይጨዋወታሉ። ስሟን እናቴ አልጠየቀችም፤ «የኮልፌዋ» ነበር የምትላት። እርሷም እናቴን «እትዬ» ትላታለች።

አንድ ሌሊት የኮልፌዋ እንዲህ አለቻት። «እትዬ፣ ይሄ ቤት እኮ የዘፈን ቤት ነው። ልጆቼ ‹እማዬ ውሰጂን› ሲሉኝ ‹መግቢያው ውድ ነው› ብዬ እምቢ እላቸው ነበር። ይኸው እኔ በነፃ ገባሁ!»

ሁለቱም እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «ስንድን ግን ከፍለን እንገባለን። እኔና አንቺ» አለች የኮልፌዋ።

በዘጠነኛው ቀን ሌሊት ሕመሙ ጠናባትና ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ወሰዷት። ጠዋት ሌላ ሰው በአልጋው ላይ ተኛ። እናቴ የኮልፌዋ ትዳን ወይም አትዳን አላወቀችም። ቤቷን አታውቀው፤ ስሟን አታውቀው፤ በማን ብላ ትጠይቅ?

እናቴ ድና ወጣች። በአሥራ ስድስተኛው ቀን በር ላይ ተቀበልኳት። ጋቢዋ ሰፍቷታል። ስላዩዋት ሐኪሞችና ነርሶች ምርቃት እንጂ ሌላ ነገር ከአፏ አልወጣም። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ ታክሲ በቦሌ መንገድ ባለፈ ቁጥር ፊቷን ወደ ሌላው መስኮት ትመልሳለች። እኔም አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። በዚህ ዓይነት አራት ዓመት አለፈ።

የማሕሙድ አሕመድ የመሰናበቻ ኮንሰርት በሚሌኒየም አዳራሽ እንደሚደረግ የሰማሁት በሥራ ቦታዬ ነው። ማታ እንደ ዘበት ለእናቴ አወራሁላት። ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ፤ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላዋ አስቀመጠችና፣ «የእኛ ሰፈር ልጅ እኮ ነው!» አለች።

በእርግጥም የመርካቶ ልጅ ነው። ማሕሙድ በ1933 ዓ.ም. የተወለደው መርካቶ ነው። በልጅነቱ ሊስትሮ ሆኖ ጫማ ጠርጓል። ኋላም አሪዞና በሚባል የምሽት ክበብ በጉልበት ሥራ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ አንድ ሌሊት ዘፋኙ በመቅረቱ «እኔ ልዝፈን» ብሎ ተነሣ፤ ከዚያም የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ አባል እስከ መሆን ደረሰ። በመጨረሻም የውጭ ሀገር ሕዝብ ሳይቀር በአድናቆት የሚያዳምጠው ድምፃዊ ሆነ። ያን ሰሞን ዕድሜው 83 ዓመት ነበር።

እናቴ ያን ማታ ብዙ ነገር አጫወተችኝ። እኔ ሳልወለድ ስለነበረች አንዲት ልጃገረድ ነበር የምትነግረኝ። ከእኅቶቿ ጋር እሑድ እሑድ ሲኒማ ራስ ትሄድ ነበር። ሲኒማ ራስ፣ ኋላ ራስ ቴአትር የተባለው፣ እዚያው መርካቶ ውስጥ፣ በእግር የሚደረስበት ቤት ነበር። የህንድ ፊልም ሲታይ ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን እየጠረጉ ይወጣሉ፤ ሰኞ በገበያው ታሪኩ እንደ አዲስ ይተረካል። በየመንገዱ ካሉት ሙዚቃ ቤቶች የማሕሙድና የጥላሁን ድምፅ ይሰማል። «ዕቃ ስንጭን ስናወርድ እንኳ በዘፈን ነበር» አለችኝ። ከዚያ አገባች፤ ወለደች፤ ሱቅ ያዘች። አሮጌው የራስ ቴአትር ሕንፃም በአዲስ እንዲተካ ተብሎ ፈረሰ። እናቴ ከዚያ በኋላ የገባችባቸውን አዳራሾች ስትቆጥርልኝ ሁለት ዓይነት ብቻ ሆኑ፤ የቀበሌ ስብሰባና የሰው ሠርግ። ሦስተኛው ሚሌኒየም አዳራሽ ነው፤ እርሱንም የገባችበት በአምቡላንስ ነው።

«እንሂድ?» አልኳት።

ወዲያው እሺ አላለችም። ያን ጊዜ ሸማ ተራ በተቃጠለ ገና ሦስተኛ ወሩ ነበር። እሳቱ የተነሣው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ ብዙ ነጋዴ ዕቃው በአንድ ሌሊት ዓመድ ሆኖበታል። ከእናቴ የዕቁብ ጓደኞች አንዷ በዚያ እሳት ሱቋን አጥታለች። «ሰው ከዘነበበት መዓት ሳይወጣ እኔ ዘፈን ቤት ልሂድ?» አለች። ጓደኛዋ ግን ይህን ስትሰማ ተቆጣች። «ሂጂ እንጂ! አንቺ ብትቀሪ የእኔ ዕቃ ይመለሳል? ሄደሽ ለእኔም ጭምር ስሚልኝ» አለቻት።

በዚህ ሁኔታ እናቴ ተስማማች። አንድ ነገር ግን አዘዘችኝ፤ «ቲኬቱን ሦስት አድርጊው» አለች። ባለቤቴ የሚመጣ መስሏት እንደ ሆነ ጠየቅኋት። መልስ ሳትሰጠኝ ከመቀነቷ ገንዘብ ፈትታ የአንዱን ዋጋ ቆጥራ በእጄ አስያዘችኝ። የበርበሬ ገንዘብ ነበር፤ ሽታው ያስነጥሳል። ለማን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኋትም።

ወደ ዕለቱ ልመለስ። ሱቁን ዘግተን፣ ከመርካቶ እስከ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ እስከ ቦሌ በሁለት ታክሲ ሄድን። እናቴ የሀገር ልብሷን ለብሳ፣ ለበዓል ብቻ የምታወጣውን የወርቅ ጉትቻ አድርጋለች። ሰልፉ ረጅም ነው። ወጣቱ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ይስቃል። በሰልፉ ውስጥ እንደ እናቴ ያሉ፣ ነጠላ ያጣፉ ሴቶችም ነበሩ። በልጆቻቸው ክንድ ተደግፈው ይራመዳሉ። ይህን ሳይ ደስ አለኝ፤ አፈርኩም።

ፍተሻውን አልፈን በሩ ላይ ስንደርስ እናቴ ቆመች። ክንዴን አጥብቃ ያዘች። ከኋላችን ሰው ይገፋል። «እንመለስ?» አልኳት በጆሮዋ። ራሷን ነቀነቀች። ወደ ላይ፣ ወደ ጣሪያው አየች፤ ከዚያ ገባች።

ቦታ ይዘን ተቀመጥን። ብዙም ሳትቆይ ግን ተነሣች። «መጣሁ» ብላኝ በግድግዳው ጥግ መራመድ ጀመረች። ተከተልኳት። የብረቱን ዓምድ አንድ፣ ሁለት እያለች ቆጠረች። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመችና ግድግዳውን በመዳፏ ነካችው።

«እዚህ ነበርን» አለች።

«ነበርን» እንጂ «ነበርኩ» አላለችም። ከጎኗ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ሰው እንዳይቆምበት እኔን እጄን ስባ አስጠጋችኝ፤ ግን ትንሽ ክፍተት ተወች። ማሕሙድ ወደ መድረክ ሲወጣ ሕዝቡ በሙሉ ተነሣ። ድምፁ በዚያ በትልቁ ቤት ሲሞላ እናቴ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ግጥሙን ሁሉ አብራ ስትል አየኋት። አንድም ቃል አላመለጣትም። በቤታችን ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ስታንጎራጉር ሰምቻት የማላውቀው እናቴ ያን ሁሉ ግጥም የት አስቀምጣው እንደ ኖረች አላውቅም። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ትከሻዋም ተንቀሳቀሰ። በአጠገባችን የነበሩ ወጣቶች ክብ ሠርተው አጨበጨቡላት።

የመጣንበት ቦታ ወንበር ነበረው፤ እርሷ ግን ያን ምሽት ከግድግዳው ሥር አልተነሣችም። እግሯ ሲደክማት መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔም አብሬያት ተቀመጥኩ።

ከአዳራሹ ስንወጣ ሌሊቱ ገፍቷል። ታክሲ የለም። የስልክ ታክሲ ጠርተን የተጠየቅነው ዋጋ ከእናቴ የመግቢያ ቲኬት ብዙም አይተናነስም። መንገድ ላይ ለብዙ ጊዜ ዝም አለች። ሜክሲኮን ስናልፍ፣ «ዳነችም አልዳነችም ገብታለች» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ሦስተኛው ቲኬት ዛሬም በርበሬ በረንዳ በሱቋ የገንዘብ ጣሳ ውስጥ፣ ከዕቁብ ደብተሯ ጋር ተቀምጧል።

እንግዲህ እህቶቼ፣ እናቶቼ፣ ከዚህ ምን እንማራለን?

በመጀመሪያ ራሳችንን እንጠይቅ። እናቶቻችንን ከቤት ይዘን የምንወጣው መቼ ነው? ሲታመሙ ሐኪም ቤት፤ ሰው ሲሞት ለቅሶ ቤት፤ ልጅ ስንወልድ ለአራስ ጥሪ። እነርሱ ለጉዳይ ብቻ የሚፈለጉ ሆነዋል። ልጆቻችንን መዝናኛ ስንወስድም «እማዬ ቤት ጠብቂልን» እንላለን። የደስታ ቀን ሲመጣ ግን «ይደክማታል፤ ጩኸቱ ይረብሻታል፤ ምን ይገባታል» ብለን በእነርሱ ፈንታ እኛ መልስ እንሰጣለን። እኔ ይህን አድርጌያለሁ። መጠየቅ ግን ምንም ወጪ የለውም።

ሁለተኛ፣ ሁልጊዜ ውድ ኮንሰርት መግባት ግዴታ አይደለም። ከተማችን ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ሀገር ፍቅር ቴአትር አላት፤ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ቴአትር አላት። ፒያሳ ላይ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከነአዳራሾቹ ከመርካቶ ሩቅ አይደለም፤ ደህና እግር ያለው ሰው ቀስ እያለ ይደርስበታል። ለዓመት በዓል ለበግ እንደምንቆጥበው ሁሉ፣ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቀን ለእንዲህ ያለው መውጫ ትንሽ ትንሽ ማስቀመጥ ይቻላል። የዕቁብ ጓደኞች ተሰባስበው ቢሄዱ ደግሞ የታክሲውም ዋጋ ይቀልላል፤ የማታው መመለሻም አያስፈራም።

ሦስተኛ፣ አዳራሾችን ለሚያስተዳድሩና ዝግጅት ለሚያሰናዱ ወገኖች የምለው አለኝ። እናት በሌሊት መውጣት ይከብዳታል፤ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ሱቅ የምትከፍት ሴት እስከ እኩለ ሌሊት መቆም አትችልም። አንዳንዱ ዝግጅት እሑድ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ምን ይጎዳል? ለአረጋውያን መቀመጫ፣ ለሴቶች በቂና ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ ለሚያጠቡ እናቶች አንዲት ጥግ፣ ዝግጅት ሲያልቅ እስከ ሜክሲኮና እስከ መርካቶ የሚያደርስ አውቶቡስ፤ እነዚህ የቅንጦት ጥያቄዎች አይደሉም። ቤቱ ሕሙማንን ባስተናገደበት ጊዜ ለእያንዳንዱ ሰው አልጋና ምግብ ተገኝቶለት ነበር። ለጤነኛውም አንድ ወንበር አይጠፋም።

በመጨረሻም ስለ መርካቶ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ኳስ ትወዳለች። ይህን ታሪክ ሳጫውታት ያነሣችው ጥያቄ፣ «እዚያ ቤት ውስጥ ክረምት ክረምት ቅርጫት ኳስ መጫወት አይቻልም?» የሚል ነበር። ሳቅኩ፤ በኋላ ግን አሰብኩበት። በአቅራቢያችን የአበበ ቢቂላ ስታዲየም አለ፤ ጣሪያ ግን የለውም፤ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ልጆቹ በየበረንዳው ቆመው ይውላሉ። ያን ሁሉ ሕዝብ የያዘው አዲስ ከተማ ጠዋት ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ከሰዓት ነጋዴው የሚሰበሰብበት፣ እሑድ ደግሞ ዘፈንና ቴአትር የሚታይበት፣ ከበርበሬ በረንዳ በእግር የሚደረስበት አንድ ጥሩ ሁለገብ አዳራሽ ይገባዋል። እናቴ በልጅነቷ ሲኒማ ራስ ለመሄድ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር የሚፈጅባት።

ከኮንሰርቱ በኋላ ባለው ሰኞ በርበሬ በረንዳ ጎራ አልኩ። እናቴ እንደ ወትሮዋ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ ትመዝናለች። ሱቋ ያለቀባት ጓደኛዋ አጠገቧ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ማሕሙድ ምን ምን እንደ ዘፈነ በተራ ታስቆጥራታለች። እኔን ሲያዩኝ ሁለቱም ዝም አሉ። ከዚያ እናቴ፣ «ነይ ቁጭ በይ። የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ ጠይቂልኝ፤ እርሷም ትመጣለች» አለችኝ።

እናንተም አንባቢዎቼ፣ ይህን ጋዜጣ አጥፋችሁ ስታስቀምጡ፣ እናታችሁ በሕይወት ካለች ዛሬውኑ «እማዬ፣ የት መሄድ ትወጃለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። እኔ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል።